ስም የሌለው ሰደፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት የነገሩኝን፣ ሳያውቁትም ፊደል ያስቆጠሩኝን ጋሼ ቢተውን የበደልኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ራሴን ስለማውቅ ነው። አፌ ስለታም ነው፤ ወሬ ከጀመርኩ መሃል ላይ ጥፋቱን በሱቅ ሻጩ፣ በአሜሪካ ሕግ፣ ካልሆነም በራሳቸው በሽማግሌው ላይ አላክኬ ነጻ እወጣለሁ። ሶ፣ መውጫውን አስቀድሜ ልዝጋው።

ጋሼ ቢተው ደንበጫ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ። ሥራቸው የተሰበረ የጠመንጃ ሰደፍ መተካት ነው። ብረቱን አይነኩም፤ እሳቸው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን እንጨት ከዋንዛ ይጠርባሉ፣ በሞረድ ያለሰልሳሉ፣ ሰም ቀብተው በአውራ ጣታቸው ያሻሉ። አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች ደጃፋቸው እንሰበሰብ ነበር። ያኔ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፣ ከፍሙ ውስጥ የተሰካው ቀጭን ብረት እስኪቀላ ይጠበቃል፣ ከዚያ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ይዘው የባለቤቱን ስም በአዲሱ ሰደፍ ላይ ይተኩሱታል፤ ጢሱ ጣራ ነክቶ ተመልሶ በእኛ ላይ ይወርዳል፣ እኛም እያሳለን አንነሳም።

የዚያ የዋንዛ ጢስ ሽታ ለእኔ የንባብ ሽታ ነው። ትምህርት ቤት የሰደደኝ ሰው አልነበረም፤ እናቴ ጠላ ትሸጣለች፣ እኔ ማሰሮ አጥባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሰደፍ ላይ ነው። ጋሼ ቢተው ስሙን ሲናገሩ ሰምቼ ቅርጹን እይዛለሁ፤ የአያሌውን «ሌ» ከለማ «ለ» ጋር አስተያያለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከሰው ስም ወደ ሰው ስም ተሻገርኩ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ባለቤቱ በወረቀት አጽፎ ያመጣውን እንደ ሐረግ ጌጥ አይተው ይቀዳሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አንዱ ፊደል ቀርቷል እኮ» ብላቸው ወረቀቱን አዩ፣ እንጨቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወዲያ ብረቱን ከማንሳታቸው በፊት ወረቀቱን ለእኔ ያሳዩኝ ጀመር። የጠላ ሻጭ ልጅ፣ አፍንጫዬ ያልተጠረገ፣ በጎልማሶች ስም ላይ የመጨረሻውን ቃል የምሰጥ ሆንኩ።

ታዲያ አንድ ሕግ ነበራቸው። ሰደፉ እንዴት እንደተሰበረ ባለቤቱ ሳይነግራቸው መጥረቢያ አያነሱም። «በየት በኩል እንደተጎዳ ካላወቅሁ እዚያው ላይ ይሰበርብሃል» ይሉታል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፤ ከበቅሎ ወደቅሁ። ጋሼ ቢተው አይከራከሩም። «እህ» ይላሉ። ከዚያ የሌላ ሰው ሰደፍ አንስተው በአውራ ጣታቸው ሰም እያሹ ዝም ይላሉ። ዝምታው ይረዝማል፣ ሰውየው እግሩን ያቀያይራል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ በመጨረሻ እውነቱን ያወጣዋል። ለእኛ ተረት ሆኖ የሚቀርበው ያ ነበር፤ ስሙ ተቀይሮ፣ አገሩ ርቆ። አንበሳ ገድሎ የፎከረ ሰው በጋሼ ቢተው ተረት ውስጥ አላየሁም። የእሳቸው ሰዎች የሳቱ፣ የፈሩ፣ የደበቁ ነበሩ።

ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የውሻው ተረት ነው። ሰውየው አመሻሽ ላይ ጅብ መስሎት ይተኩሳል፤ ሄዶ ቢያይ የጎረቤቱ ውሻ ነው። ደንግጦ ይቀብረዋል። ጠዋት ጎረቤቱ «ውሻዬን!» እያለ ሲወጣ ሰውየውም አብሮት ይወጣል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ገደል ለገደል የውሻውን ስም እየጠራ አብሮት ይፈልጋል። ጎረቤቱ ደግሞ ላገኘው ሁሉ «እሱ ባይኖር ምን እሆን ነበር» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ጠመንጃውን ቋጥኝ ላይ መትቶ ሰበረው። እኔ በልጅ አፌ «ታዲያ በኋላ ለጎረቤቱ ነገረው?» አልኩ። «እሱን አላውቅም። እኔ ሰደፉን ሠርቼ ሰጠሁት» አሉና ፍሙን በአመድ ዳፈኑት። ያኔ ተናድጄ ነበር። ተረት እንዲህ ይቆማል እንዴ?

ዓመታት ሄዱ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ መጣሁ፣ ሆቴል አልጋ አነጠፍኩ፣ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ዛሬ ፌርፋክስ በሚሉት ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ፣ ከበስተኋላ ደግሞ ሁለት መደርደሪያ መጽሐፍ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የጋሼ ቢተው ልጅ ሰናይት ዌስትቼስተር ሰፈር ያለ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት አባቷን አስመጥታ ኮሪያታውን ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። እሷ ሥራ ስትሄድ እሳቸውን እኔ ሱቅ ታወርዳቸዋለች። በበርበሬ ጆንያዎቹ መሃል ወንበር ሰጠኋቸው፤ እዚያ ሆነው ለደንበኛ ተረት ይነግራሉ። ለደንበኛ ሁሉ «ፊደል ያስቆጠሩኝ እኚህ ናቸው» እያልኩ በኩራት አስተዋውቅ ነበር። በኩራት ስል በሱቄ ውስጥ፣ ሃበሻ ፊት ማለቴ ነው።

ባለፈው በጋ ጓዳ ሆኜ ሽሮ ስመዝን ሌቦች የፊት መስታወቴን ሰብረው ገቡ። ከጆንያ ጀርባ ተቀምጬ አፌን በሁለት እጄ ይዤ እስኪወጡ ጠበቅሁ። በማግስቱ ጠመንጃ ልገዛ ወሰንኩ። ጠመንጃ ገዢ ሁሉ የሚፈተነውን የደህንነት ፈተና አጥንቼ አለፍኩ፤ ማጥናት አይከብደኝም። ለጋሼ ቢተው ሳወራቸው ዓይናቸው በራ። «እንጨቱን እኔ ልይልሽ» አሉኝ። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ አንድ ሰው ስለሚያውቁት ነገር ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ።

ሄድን። ትልቅ የስፖርትና የአደን ዕቃ መደብር ነው፣ በፍሪዌይ አርባ ደቂቃ ያህል። እሳቸው በኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው። በር ላይ ገለባ የተጠቀጠቀ ድብ ቆሟል፤ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም አሉት፣ ሳቅሁ። የዓሣ ማጥመጃ፣ ጀልባ፣ ቦት ጫማ አለፍን። ወለሉ ላይ የተተከለ ድንኳን ሲያዩ ቆሙ።

«ጥሩዬ፣ ይሄን ማነው የሚገዛው?»

«ቤት ያላቸው ናቸው ጋሼ። ለመዝናናት ውጭ ያድራሉ።»

«የሌላቸውስ?»

«እነሱማ ያው ውጭ ናቸው።»

«አይ አንቺ!» ብለው በከዘራቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። እስከዚያ ድረስ ደስ የሚል ቀን ነበር።

ጠመንጃው ከኋላ በኩል ነው፣ ረዥም የመስታወት ካውንተር፣ ከጀርባው ግድግዳውን የሞላ መሣሪያ። ሻጩ ጺሙን ያሳደገ ወጣት ነው። ሽማግሌ ይዞ የሄደ ሰው ሽማግሌውን ያስቀድማል፣ እኛ ዘንድ ሌላ ሥርዓት የለም፤ እኔም «መጀመሪያ ለእሳቸው አሳያቸው» አልኩት። አይዲዬን ተቀብሎ ፎርሙን ከፊቴ አደረገና አንዱን አወረደላቸው። ጋሼ ቢተው አፈሙዙን ወደ ጣራው አድርገው ተቀበሉት። ሰደፉን በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ አሸተቱት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፕላስቲክ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ስም የሚተኮስበት የታለ?» አሉ፣ ጮክ ብለው። «ይሄማ የማንም ነው!»

ከዚያ ሻጩን ወደዱት። ለእሱ፣ በአማርኛ፣ የውሻውን ተረት ይነግሩት ጀመር። ጠመንጃውን ካውንተሩ ላይ አስተኝተው፣ በእጃቸው ጅቡን እየሠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ነጠላቸው እየወረደ። «ንገሪው እንጂ፣ ምን ትቆሚያለሽ!» ይሉኛል። ከኋላችን የተሰለፉት ዘወር አሉ። አንዲት ሴት ልጇን ሳብ አደረገች። አንዱ ስልኩን አወጣ። ጆሮዬ ጋለ። ያን ተረት በልጅነቴ ጢስ እየዋጥኩ የሰማሁት ሰው እኔ ነኝ፤ አሁን ግን በማላውቀው ሰው ዓይን አየኋቸው፤ ነጠላ የለበሰ፣ የሚጮህ፣ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ። ያፈርኩት በእሳቸው ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሻጩ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበ። ፊቱ ተቀይሯል። ፎርሙ ላይ የምገዛው ለራሴ ይሁን ለሌላ ሰው የሚጠይቅ መስመር አለ፤ ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ።

«ጠመንጃው የእሳቸው ነው?»

«የለም፣ የራሴ ነው።»

«ታዲያ እሳቸው ለምን ይመርጣሉ? ለሌላ ሰው ከሆነ መሸጥ አልችልም። ሰውየውን ያውቋቸዋል?»

እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይደለም። በዚሁ እንግሊዝኛ ከቤት አከራይ ጋር ተከራክሬ ረትቻለሁ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ስለ እንጨት ስለሚያውቁ አማክሬያቸው ነው፣ ይኸው ነበር፤ ሁለት መስመር አይሞላም። ቢበዛ ያን ቀን አይሸጥልኝም። እኔ ግን ራሴን ነቀነቅሁና «ኖ፣ አላውቃቸውም። ቋንቋዬን ስናገር ሰምተው ነው የተጠጉኝ፤ ያስቀደምኳቸውም ለሽምግልናቸው ብዬ ነው» አልኩ።

ሻጩ በእጁ ጠራና ዘበኛው መጣ። ክንዳቸውን በትሕትና ያዝ አደረጋቸው። እርዳታ መስሏቸው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉት። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደው ዘወር አሉና አዩኝ። እኔ አቀርቅሬ ፎርሙ ላይ ስሜን እየጻፍኩ ነበር።

ስወጣ የዕቃ መግፊያ ጋሪዎቹ አጠገብ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጨረስሽ?»

«አሥር ቀን ጠብቂ አሉኝ።»

«ደግ። ዋንዛም ከተቆረጠ ወዲያ መድረቅ አለበት።»

መኪና ውስጥ ቀበቷቸውን አሠርኩላቸው። ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ «ልጁ ምን ብሎሽ ነው?» አሉኝ።

«ምንም። ካውንተሩ ጋ ገዢ ብቻ ነው መቆም ያለበት ብሎ ነው።»

«እህ» አሉ።

የዚያን «እህ» ትርጉም በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጫፉን በአውራ ጣታቸው እያሹ ኮሪያታውን እስክንደርስ መንገዱን ያያሉ። ሬዲዮ ከፈትኩ።

በማግስቱም ሱቅ መጡ፣ ከዚያም ወዲያ። እንደ ቀድሞው ተቀመጡ፣ እንደ ቀድሞው በርበሬው ያስነጥሳቸዋል። ተረት ግን ቀረ። ደንበኛ «ጋሼ፣ ዛሬ ተረት የለም እንዴ?» ሲላቸው «ቆይ፣ ገና ነው» ይላሉ። የባሰው ሌላ ነበር። ለገባ ለወጣው «ጥሩወርቅ ባትኖር በዚህ አገር ምን እሆን ነበር» ይሉ ጀመር። ይህን ሲሉ አያዩኝም። በእልህ ነው እንዳልል እልህ አያውቁም፤ በቅንነት ነው እንዳልል ያን ተረት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ሚዛኑ ላይ አቀርቅሬ ሽሮ እመዝናለሁ።

ከደንበጫው ደጃፍ የቀረኝ ፊደሉ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ሳነብም ያሳደገኝ ንባብ ነው እያልኩ ራሴን አሞግሳለሁ። በእነዚያ ቀናት ግን በውስጤ የሚመላለሰው ያነበብኩት አልነበረም፤ ያ እግሩን እያቀያየረ ላቡን የሚጠርግ ሰውዬ ነበር። ያኔ ከፍሙ ማዶ ተቀምጬ እስቅበት ነበር። ይህ ሁሉ ሰዓት ለምን ይፈጅበታል፣ ቃሉ እኮ አንድ ነው እል ነበር።

በአሥረኛው ቀን ከመደብሩ ደወሉ። ጋሼ ቢተው ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ለካ እሳቸውም ይቆጥሩ ነበር።

«ቀኑ ዛሬ አይደለም? ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ። ፕላስቲክም ቢሆን ይጫራል።»

«አልሄድም ጋሼ።»

«ለምን?»

«ትራፊኩ በዚህ ሰዓት...» አልኩ።

«እህ» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አጋደሙ። አውራ ጣታቸው እንጨቱ ላይ መሄድ ጀመረ። የሱቁን በር ሄጄ ዘጋሁ፣ ተመልሼ ፊታቸው ቆምኩ። እግሬን አቀያየርኩ። ላቤን በሽርጤ ጠረግሁ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ልጁ ሰውየውን ያውቋቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም አላውቃቸውም አልኩት።»