«ጅቡ መጣ» ያልንበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ ጊንጆ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አካኮ የምንላቸው አያቴ በርጩማ ጠራቢ ነበሩና፣ ያኔ ሥራቸውን አቁመው የእንጨቱን ፍቅፋቂ እሳት ላይ እየጨመሩ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ተረት ይነግሩን ነበር። ጦጣዋ ስትናገር ጦጣ ናቸው፤ አህያው ሲናገር አህያ። ጥርሱ ያለቀው ሽማግሌ ጅብ ሲመጣማ አፋቸውን ወደ አንድ ጎን አጣመው ሲንተባተቡ ሆዳችንን ይዘን እንንከባለላለን።

አንድ ምሽት ጅቡ ገና ሳይመጣ አፋቸው ተጣመመ። ስሜን ሊጠሩ ሞከሩ፣ ተኮላተፉ። እጃቸውን ሊዘረጉልኝ አሉ፣ አልታዘዝ አላቸው። እኛ «ጅቡ መጣ!» እያልን ሳቅን። ወዲያው መብራት መጣና ትተናቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጥን። ፊልሙ ካለቀ በኋላ እናቴ ለእራት ልትጠራቸው ብትሄድ መሬት ላይ ወድቀው አገኘቻቸው።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው መቼ እንደጀመራቸው ነበር። እናቴ እኔን አየችኝ። ሳቄ አሳፈረኝ።

«አሁን» አልኩ።

አካኮ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ አንዲት ቃል ግን አልወጣቸውም። ነርሷ እንዳሳየቻት እናቴ ጀርባቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች፣ እንዳያንቃቸው ቀና አድርጋ በትንሽ ማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «አልሃምዱሊላህ፣ ቶሎ ባናደርሳቸው ኖሮ አይተርፉም ነበር» ስትል አንገቴን እደፋለሁ። አካኮ ያዩኛል። እሳቸው ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን የማትንቀሳቀሰውን እጃቸውን እያሸሁ «አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። ይበሉኝ አይበሉኝ በምን ልወቅ? ከአንድ ዓይናቸው ብቻ እንባ ወረደ።

ዛሬ እኔም ነርስ ነኝ። ስንቱን ተረታቸውን ረስቻለሁ፤ የዚያን ምሽቱ ጅብ ለአህያው ምን ሊለው እንደነበረም አላውቅም፣ የሚነግረኝም የለ። ከሰርቦ ከተማም ከየትም አፉ የተጣመመ ሰው ይዘው ሲመጡ መቼ እንደጀመረው እጠይቃለሁ፤ ደም ላጠረው አንጎል የሚደረገው ሁሉ ከዚያች ሰዓት ይቆጠራልና። አዋቂዎቹ በሰዓቱ ሲከራከሩ እኔ አብራቸው የመጣች ልጅ እፈልጋለሁ። ካገኘሁ ጎንበስ ብዬ፣ ማንም እንደማይቆጣት ነግሬ፣ ቀስ ብዬ እጠይቃታለሁ።

«ስቀሽም ከነበረ ንገሪኝ።»