የመስኮቱና የስልኩ ዋጋ

ሞባይል ፍኖተ ሰላም በገባ ሰሞን መናኸሪያችን ሁለት ዋጋ አበጀ። አንደኛው ከትኬት መቁረጫው መስኮት በላይ በቀለም የተጻፈው ታሪፍ ነው፤ ሁለተኛው የትም አልተጻፈም። በታሪፉ የሚሸጥ ትኬት ግን አልነበረም። ተሰልፈህ መስኮቱ ጋ ስትደርስ «አልቋል» ትባላለህ። ዘወር ስትል ደላላው ጠጋ ብሎ «በስልክ ላስይዝልህ?» ይልሃል። የስልኩ ዋጋ ከመስኮቱ በግማሽ ይበልጣል፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። የመናኸሪያው ሰዎች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት «ኪራይ ሰብሳቢነትን በጋራ እንታገል» የሚል ጨርቅ ራሳቸው ከመስኮቱ በላይ ሰቅለው ነው።

እኔ ያን ጊዜ በከተማው አስተማሪ ነበርሁ። እናቴ ከማንኩሳ ወዲያ ባለው ገጠር ትኖራለች። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግራውም ውስጥ ውስጡን እያመማት ዙሪያው ይጨልምባት ጀመር። አዲስ አበባ ወስጄ ሳሳያት ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት መጨመሩን ነገረኝ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ባለሙያ ከውጭ አገር ለጥቂት ጊዜ የሚመጣ ነውና ሐሙስ ጠዋት እንድንገኝ፣ ካለፈን ግን የሚቀጥለው ከክረምት በኋላ መሆኑን፣ ዓይኑም ያን ያህል ላይጠብቅ እንደሚችል አስጠነቀቀኝ። እንግዲህ ረቡዕ መሳፈር ነበረብን። ትኬት የሚቆረጠው ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እናቴን ይዤ መናኸሪያ ሄድሁ። ሊሸኟት ከገጠር የመጡት ታላቅ ወንድሟም አብረውን ነበሩ። አጎቴ የደብራቸው ቄስ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ሰው ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው።

ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አብዛኛው ገበሬ ነው። ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ብንቀርብ ትኬት ቆራጩ ቀና ሳይል «የነገ አልቋል» አለን። ወዲያው ደላላው መጣ። አማራጭ አልነበረኝምና አስይዝልን አልሁት። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ስልኩ የጮኸው ከመስኮቱ ውስጥ ነው። አልቋል ያለን ሰውዬ እዚያው ዓይናችን እያየ አነሣና ስንት ወንበር እንደሚያዝ ጠየቀ። ድምፁን በስልክም በመስኮትም ሰማነው። አንዳቸውም እፍረት የሚባል ነገር አልታየባቸውም።

ደሜ ፈልቶ ወደ መናኸሪያው ኃላፊ ገባሁ። ኃላፊው ወንበር ሰጠኝ፤ በጥሞናም አዳመጠኝ። ከዚያ በስልክ ማስያዝ ኅብረተሰቡን ከእንግልት የሚያድን ቀልጣፋ አገልግሎት መሆኑን አስረዳኝና በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የአስተያየት ሳጥን አሳየኝ። ሳጥኑ ቁልፍ ነበረው፤ ወረቀት የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ግን ሸረሪት አድርቶበታል።

ስወጣ አጎቴ ከሰልፉ ፊት ቆመዋል። እጅ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ይዘዋል። ሰዉ ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ።

«በዚህ መናኸሪያ ከታሪፉ በላይ የሰጠም የተቀበለም፣ በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቸዋለሁ» አሉ።

ሰልፈኛው አማተበ። ደላላው ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ የመስኮቱም መዝጊያ ተዘጋ። አጎቴ ሰው ሁሉ እንደሳቸው የሚፈራ ይመስላቸዋል። ክርስትና የተነሣ ሰው ግዝት አይደፍርም፤ ነገ ማለዳ ወንበሩ ባዶ ሲሆንባቸው በታሪፉ ይሸጡልናል ብለው እናቴን አጽናኗት። እውነት ለመናገር እኔም ለጥቂት ጊዜ ልቤ ሞቆ ነበር።

አመሻሹ ላይ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ብቻዬን ተመልሼ ሁለት ትኬት በስልኩ ዋጋ ገዛሁ። ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን፣ ብቻ እሷ ትዳን አልሁ። ቤት ስገባ እናቴ ትኬቱን በእጇ ዳሰሰችና በስንት እንደያዝሁት ጠየቀችኝ። በግዝት ነገር እናቴን መዋሸት አልሆነልኝም፤ ነገርኋት።

«ወንድሜ በመስቀል ያሰረውን እኔ በብር ልፈታው ነው? መልስላቸው» አለችኝ።

ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች። ደብረ ማርቆስ ድረስ በሚኒባስ ሄደን ከዚያ ሌላ እንሳፈር አልኋት፤ ሚኒባሱም ከዚሁ መናኸሪያ ከታሪፍ በላይ እያስከፈለ እንደሚነሣ ታውቃለችና እሱንም እንቢ አለች። ትኬቱን ስመልስ ደላላው የስልክ ወጪ ብሎ ቆረጠብኝ። ስልኩን የደወለው አምስት እርምጃ ከማይሞላ ቦታ ነበር።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ የማክሰኞው ሰልፈኛ ሁሉ እቃውን አንጠልጥሎ አውቶብሱን ከበበ። ሁሉም የታሪፉን ብር በእጁ ጨብጧል። የአውቶብሱ በር ተከፈተ፤ ውስጡ ጢም ብሎ ሞልቷል። ለካ ደላላው ማታውኑ ቡሬ ደውሎ ኖሯል። የቡሬ ነጋዴዎች ግዝቱን አልሰሙ፣ ቄሱን አላዩ፤ በሚኒባስ መጥተው ሌሊት በተያዘላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በእነሱ አልፈርድም። ረዳቱ እየሳቀ በሩን ዘጋ፤ መኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ። እናቴ የሄደበትን አቅጣጫ በድምፁ ተከትላ ፊቷን አዞረች።

ያን ቀን ሰልፈኛው ከመናኸሪያው አልተነቃነቀም። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ተከፈተ፤ «አልቋል» ተባለ። ከዚያ አንድ ሸምገል ያለ ገበሬ ከሰዉ መሐል ወጥቶ አጎቴ ፊት ጎንበስ አለ። ብዙ ሲያስብበት የዋለ መሆኑ ያስታውቃል።

«አባታችን፣ እኛን አስረው ደላላውን ለቀቁት እኮ። ይፍቱንና እንሂድበት» አላቸው።

 አጎቴ እናቴን አዩ፤ ታሪፉ የተጻፈበትን ሰሌዳ አዩ። የዚያን ጊዜ ፊታቸውን መግለጽ አልችልም። ሰው እንዲዘረፍ የሚፈቅድ ጸሎት በየትኛው መጽሐፍ ተምረውት ያውቃሉ? መስቀሉን አነሡና «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፊት ከቆምነው አላለፈም። ሰዉ እየተሳለመ ወደ ደላላው ዞረ። ይባስ ብሎ ደላላው ራሱ ባርኔጣውን አውልቆ መጣና መስቀል ተሳለመ። አጎቴ አልከለከሉትም። እኔ ግን ፊቱ ላይ ልተፋበት ምራቄን ሰብስቤ ነበር፤ እናቴ ክንዴን ይዛኝ ዋጥሁት። ደላላው ሰልፉ ሁሉ ወደ እሱ መዞሩን ሲያይ እዚያው እንደቆመ ዋጋውን ጨመረ። ከፈልን።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስንጓዝ ዋልን፤ ዓባይ በረሃን ስንወርድ ቀጠሮው አልፏል። ዓርብ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ነበርን። ነርሷ ካርዱን ገልጣ አየችና «ትናንት ነበር እኮ» አለች፤ ደግ ልጅ ናት፣ ሮጣ ጠየቀችልን። ባለሙያው የመጨረሻውን ቀዶ ጥገና ሐሙስ ጨርሶ ሄዷል። ከመስቀል በኋላ ተመለሱ ተባልን።

ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሁሉ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ መጣች። ደጀንን ካለፍን በኋላ ነው አፏን የከፈተችው። ቀጠሮው ሐሙስ መሆኑን ወንድሟ ለይተው አያውቁም ነበርና፣ ከጠየቁኝ በቀኑ ደርሰን ሐኪሙ ራሱ አዘገየው እንድል ቃል አስገባችኝ። በግዝት ነገር ያልዋሸኋት ሴት በወንድሟ ነገር እንድዋሽ አስማለችኝ።

ነሐሴ ላይ ግራ ዓይኗም ጠፋ። ከመስቀል በኋላ ወስጃት ባለሙያው አያትና አሁን የሚቀደድ ነገር የለም አለ።

ከዚያ ወዲህ ወደዚያ መናኸሪያ በሄድሁ ቁጥር ሁሉም እንደነበረ ነበር። ትኬት ቆራጩ ወፍሯል። ኃላፊው ወደ ዞን አድጓል ተባለ። ደላላው ሲያገኘኝ በወጉ ሰላም ይለኛል፤ የእናቴንም ጤና ይጠይቀኛል። አንዳቸውም ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ አልሰማሁም። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የከሳ አንድ ሰው ቢኖር አምስት ሳንቲም ያልነኩት አጎቴ ናቸው። እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ ከትኬቱ ዋጋ ይልቅ ይህ ነው።

በኅዳር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ቤት ተገናኘን። አጎቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጸበል ረጯት፤ ዓይኖቿንም በመስቀል ዳበሱላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በሞቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። በቀኑ ደርሳችኋል?»

እናቴን አየኋት። እሷ እንደማያት አላየችም፤ ቀድማኝ መለሰች።

«ኧረ በቀኑ ደርሰናል! ሐኪሙ ነው እንጅ ያዘገየው። አንተ ደግሞ የማይሆን ነገር እያሰብህ ራስህን አትጉዳ።»

 የአጎቴ እንባ በጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ ድምፅ ስላላሰሙ እናቴ አላወቀችም። ያመኗት መስሏት ፊቷ ፈካ አለና «በል እንግዲህ ዳቦውን ባርክልን» አለቻቸው።