የምድጃዬ ጉሮሮ

ረቡዕ ማታ ባሌ ሽሮውን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ የድስቱን ቂጥ በጣቱ ዳበሰና ጣቱን አሳየኝ። ጥቁር ነበር።

«ከጭስ ሸሸን ብለን ጭስ ገዛን» አለ። «አርብ አህያዋ ገብስ ይዛ ገበያ መውጣቷ አይቀርም። ይችንም ከላይ ደርቤ እወስዳታለሁ።»

ይችን ያላት የጋዝ ምድጃዬን ነው። ባለ ሁለት እሳት ናት፤ ወንድሜ ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ ጣራ ጭኖ ነው ያመጣልኝ። ያመጣውም እኔ እንድመቻች ብሎ አይደለም። ትንሿ ልጄ ደረቷ ደካማ ነው። የኩበትና የእንጨት ጭስ በሸተታት ቁጥር ትንፋሿ ያጥራል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እኔም አብሬያት መተንፈስ አቆማለሁ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «ጭስና የዚች ልጅ ደረት አብረው አይኖሩም» ብላኛለች። ቀድሞ ወጥ በሠራሁ ቁጥር ልጄ ደጅ ነበር የምትጠብቀኝ፣ በብርድም በዝናብም። ምድጃዋ ከመጣች ወዲህ ግን አጠገቤ ቁጭ ማለት ጀምራ ነበር።

ታዲያ ክረምት ሲገባ ጋዙ አለቀ። መንገዱ ጭቃ ሆነና ሲሊንደሩ ደብረ ታቦር ደርሶ እስኪመለስ ምድጃዋ መስኮት ሥር ሥራ ፈታ ከረመች። ጋዙ ሲመጣ እሳቷ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ያ ጥርስ ጥርስ የሚመስለው ሰማያዊ ነበልባል ቀርቶ፣ እንደ ጧፍ ቢጫ ሆኖ ይንቀለቀላል። ድስት ያጠቁራል። ልጄም እንደገና ማሳል ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት ባሌ ወደ ማሳው ሲወርድ፣ ልጄም ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ሲሊንደሩን ከአናቱ ዘጋሁ። ዘግቼም ተመልሼ ነካሁት። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ «ዘግቼው ነበር ወይ?» እያልሁ ቅዳሴው ያመልጠኛል። በሩንና መስኮቱን ከፈትሁ። እሳቱ የሚወጣባቸውን ባለ ቀዳዳ ክብ ብረቶች አነሣሁና እንደ ድስት በአመድ ፈተግኋቸው። እንደ ብር አበሩ። ደስ ብሎኝ መልሼ ገጠምሁና ለኮስሁ።

ባሰባት። ግማሹ ቀዳዳ ጭራሽ አልነድ አለ። ለካ እርጥቡ አመድ ጥቃቅኑ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ምርጊት ተለጥፏል። ዘግቼ መደብ ላይ ቁጭ አልሁ። በዚያው ጎረቤቴ እርሾ ልትወስድ ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ልቅሶ ቤት የተቀመጥሽው?»

«እትዬ፣ ነገ ሊሸጥብኝ ነው።»

«ምኑ?»

«ምድጃዋ ናታ!»

«ኤዲያ! እኔ ደግሞ በሬው መስሎኝ ደነገጥሁ።» ብረቱን አንሥታ ወደ ብርሃን አየችው። «ወስፌ አምጪ። ቀዳዳውን ሰፋ ሰፋ አድርጊለት፣ ይተነፍሳል።»

«ከሰፋ በኋላ ማን መልሶ ያጠብበዋል? እሳቱ ዘሎ ቢበላንስ?»

«አይ አንቺ! ሲሊንደሩን እንደ እርጉዝ ላም ስትጠብቂ ዓመትሽ። ከምድጃው ይልቅ ፍርሃትሽን ብታጥቢው ይሻልሽ ነበር!» ብላ እየሳቀች እርሾዋን ይዛ ወጣች።

ወስፌውን አልነካሁም። እንዶድ ወቅጬ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፍኋቸው። አመዱ ሲለሰልስ ቀጭን መርፌ ይዤ፣ አንዱን ቀዳዳ ጠርጌ ወደ ፀሐይ እያየሁ፣ ቀጥዬ ሌላውን፣ እንዲህ ዞርኋቸው። ብርሃን ያላሳለፈ አንድም ቀዳዳ አልተውሁም። ጠብታ እንዳይቀር ድንጋይ ላይ አሰጣሁ። ደርቀው ስለኩስ ሁሉም ቀዳዳ እኩል ነደደ። ነገር ግን ቢጫ። አሁንም ቢጫ!

«እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት፣ እንግዲህ ምን ቀረኝ?» አልሁ። እያየሁት አሰብሁ። የእንጨት እሳት መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው? እንጨቱ ሲታጨቅ፣ ከሥሩ ነፋስ ሲያጣ ነው። ያን ጊዜ አንድ ፍልጥ ከፍ ሲያደርጉለት ይነሣል። ይችስ ነፋሷን በየት ትስባለች?

ዘጋሁ። እስኪበርድ ጠበቅሁና ነበልባሉ የሚቀመጥበትን ብረት ከነቱቦው አውጥቼ ገለበጥሁት። የቱቦው ጫፍ እንደ መለከት አፍ ክፍት መሆን ነበረበት። በአንደኛው ውስጥ ጭቃ ተጠቅጥቋል። ሁለተኛው ግማሹ ተደፍኗል። መስኮት ለመስኮት የምትዞረው ወገበ ቀጭኗ ተርብ፣ ምድጃዋ ሥራ ፈታ ስትከርም ቤት ሠርታባታለች! ጭቃውን በቀጭን እንጨት ፈረካከስሁት። ከውስጡ ለልጆቿ ያስቀመጠቻቸው የደረቁ ሸረሪቶች ረገፉ። በዶሮ ላባ ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁ፣ ነፋሁ፣ ደግሜ ጠረግሁ። ዓይኔን ቱቦው ላይ ደቅኜ በወዲያኛው ጫፍ ደጁን እስካይ ድረስ።

ሁሉን ገጥሜ፣ ከመለኮሴ በፊት ሲሊንደሩን ከፍቼ የእንዶዱን አረፋ ጎማውና መጋጠሚያው ላይ ቀባሁ። ጋዝ ቢያፈተልክ አረፋው ይነፋል። አልተነፋም። ክብሪቱን ጫርሁ።

ሰማያዊ! ዙሪያውን፣ አንድም ቢጫ ምላስ ሳይቀላቀልበት፣ እየተንሾካሾከ ነደደ። ሁለተኛውንም ለኮስሁ። እሱም ሰማያዊ። ብቻዬን ቤቱ መሐል ቆሜ እልልታውን ለቀቅሁት።

ጎረቤቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ እየሮጠች መጣች። «ተቃጠልሽ? ምነው? ተቃጠልሽ?»

«አልተቃጠልሁም! ነይ፣ ግቢና እይ!»

ገባች፣ አየች፣ አፏን በሊጥ እጇ ያዘች። «ወይ ጉድ! እኔ እኮ በወስፌ ልፈጃት ነበር» አለችና እሷም እልል አለች።

ባሌ ማታ ሲመጣ ልጃችን እሳቱ ዳር ቁጭ ብላለች፤ እኔም ለምስር ወጡ ሽንኩርት አቁላላለሁ። በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ማን ሠራት?»

«እማዬ ናታ!» አለች ልጄ ቀድማኝ። «ጉሮሮዋ ውስጥ የተርብ ቤት ነበር፣ አወጣችላት!»

ጋቢውን አስተካከለ። «እንግዲህ አህያዋ ነገ ቀለል ብሏት ትሂዳ» አለና ገብቶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶም፣ እሱ ያሰበው ይመስል፣ «ሥራ ስትፈታ ሥሯን በጨርቅ እሰሪላት፣ ተርብ እንዳይገባ» አለኝ። ጨርቁን ቀድጄ፣ አጥቤ፣ አስጥቼ ነበር። «እሺ፣ ጥሩ ብለሃል» አልሁት።

ልጄ የክፍሏ ልጆች ኳስ ሲራገጡ የመምህሩን መስኮት እንዴት እንደሰበሩ ማውራት ጀመረች። ረጅም ወሬ ነው። ማን እንደመታ፣ ማን እንደሸሸ፣ ማን ዛፍ ላይ እንደወጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለትንፋሽ ሳትቆም ነገረችን። ሽንኩርቱ አረረብኝ። ይረር ብዬ ሰማኋት።