ማሳወቂያ ቅጹ ላይ ያልተጻፈው ወንድም

"እትዬ መዝገብ" የሚለውን ስም ያወጡላት አብረዋት የሚማሩት ልጆች ናቸው። ልጆች ስል ጢማቸውን ያንዠረገጉ ጠበቆች ናቸው እንጂ ሕፃናት አይደሉም፤ ግን እሷ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አሥራ ሰባቱን ዓመት ደግሞ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ስትቅም ነው የኖረችው፣ ለእሷ ልጆች ናቸው። የጠፋ ፋይል ቢሏት ታገኛለች፣ የተቀደደ ገጽ ቢሏት ትለጥፋለች። ባለጉዳይ ወረቀት ሳያነብ ሊፈርም ሲል ደግሞ እስክሪብቶውን ከእጁ ትነጥቃለች። "መጀመሪያ አንብብ፣ ካልቻልክ እኔ ላንብብልህ" ትላለች። በዚህ ጠባይዋ ስንቱን ሰው አድናለች።

አንድ ቀን የሰው ክርክር መደርደር ሰለቻትና ሕግ ተማረች፤ ዲግሪው አልበቃ ብሏት ማስተርስ ገባች። የገባችበት ዘርፍ ስሙ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፦ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት። ሲፈታ ግን ቀላል ነገር ነው። የተለያየ አገር ሰዎች በውል ሲጣሉ አንዱ የሌላውን አገር ፍርድ ቤት አያምንም፤ ስለዚህ ተስማምተው በመረጧቸው ዳኞች ፊት ይሟገታሉ። ዳኞቹ የሚታመኑት ከሁለቱም ወገን ጋር ዝምድናም ጥቅምም ስለሌላቸው ነው። ይህ ከሌለ ነገሩ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

የሚያስተምሯት ፕሮፌሰር ይህን ሲናገሩ ከሳላቸው በቀር የሚያቋርጣቸው የለም። "ከተጠራጠራችሁ ጻፉት። የሚስታችሁ አጎት ጎረቤት ቢሆንም ጻፉት። ከባድ ነው ቀላል ነው የሚለውን ሌላው ይፍረድ" ይላሉ። እትዬ መዝገብም የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በዚሁ ላይ ነው። መቶ አሥር ገጽ ሙሉ፣ ዳኛ ግንኙነቱን ሲደብቅ ምን እንደሚበላሽ ስትተነትን ከረመች።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ በሰብሳቢ ዳኝነት የተሰየሙበት አንድ ጉዳይ መጣና እሷን ጸሐፊ አድርገው ወሰዷት። ሥራው እንደ ተግባር ልምምድ ይያዝላታል፤ ያለ እሱ አትመረቅም። ክርክሩ በአንድ የውጭ ኩባንያና በውሃ መሥሪያ ቤቱ መካከል ነው። ለውሃ መተላለፊያ ብለው ተራራ ሥር የቆፈሩት ዋሻ ተደርምሶ፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ነው። ሥራ ስትጀምር እንደ ዳኞቹ ሁሉ ለእሷም አንድ ገጽ ቅጽ ተሰጣት። "ከተከራካሪዎቹ ጋር ያለዎትን ማናቸውንም ግንኙነት ያሳውቁ" ይላል፣ ከሥሩ ባዶ መስመር አለው።

ታናሽ ወንድሟ፣ ብረቱ የሚሉት፣ ዋሻው የተደረመሰ ዕለት ውስጥ ነበር። መሰርሰሪያ ማሽን ነበር የሚነዳው። ግራ እግሩ ድንጋይ ሥር ቀረና ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሰኞ ነው የተጎዳው፣ እሷ ሆስፒታል የደረሰችው ሐሙስ ነው፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሁለት ዓመት ስልኳን አያነሳም።

ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ቅጹን ፊቷ ያስቀመጠችው። እና ምን ብላ አሰበች? ወንድሜ የተቀጠረው በኩባንያው አይደለም፤ ቁፋሮውን ከኩባንያው በተቀበለ ሌላ ተቋራጭ ነው። ያ ተቋራጭ ደግሞ ተከራካሪ አይደለም። ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ተከራካሪ ነው። አቤት ትምህርት! መዝገብ ቤት የነበረችው ሴትዮ ብትሆን "ወንድሜ እዚያ እግሩን አጥቷል" ብላ ጽፋ ትገላገል ነበር። የተማረችው ግን ውሃ የማያነሳ ምክንያት ቆፍራ አወጣችና "የለም" ብላ ፈረመች። ስማቸው እንዳያጋልጣት ደግሞ አንድ እናት እንጂ አንድ አባት የላቸውም።

ችሎቱ ሊጀመር ስምንት ቀን ሲቀረው የምስክሮች ዝርዝር መጣ። አራተኛው ምስክር ብረቱ ነው፤ የጠራው ውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው። ደወለችለት፣ አያነሳም። ደግማ ደወለች፣ ዘጋባት። በመጨረሻ እናቷ ጋ ደወለች።

"እማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ" ብላ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

"ታዲያ ለአለቆችሽ ንገሪያቸዋ" አሉ እናቷ።

"አሁን ብናገር ለምን ቀድመሽ አልተናገርሽም ይሉኛል።"

"እውነታቸውን አይደል እንዴ?"

ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። ነገ ሲደርስ ለከነገ ወዲያ አስተላለፈች። እንዲህ እንዲህ እያለች ስምንቱን ቀን ጨረሰችው።

ችሎቱ የተቀመጠው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ሰማያዊ ምንጣፍ፣ በየሰው ፊት የታሸገ ውሃ፣ ሰው የሚያንቀጠቅጥ ማቀዝቀዣ። ክርክሩ በውጭ ቋንቋ ነው፤ ለምስክሮቹ አስተርጓሚ አለ። እሷ ከዳኞቹ ጎን ኮምፒዩተሯን ከፍታ የሚባለውን ትጽፋለች። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ብረቱ በሰው ሠራሽ እግሩ እያነከሰ ገባ። ከስቷል። ጸጉሩ ጣል ጣል አድርጎበታል። ሠላሳ አምስት እንኳ አልሞላውም። አንጀቷን በላው።

ማለ። ፕሮፌሰሩ ለምስክር ሁሉ የሚያቀርቡትን ጥያቄ ለእሱም አቀረቡ።

"እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ሰዎች በዝምድናም ሆነ በሌላ ነገር የሚያውቁት ሰው አለ?"

ብረቱ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ አየ። ዳኞቹን አየ፣ ጠበቆቹን አየ፣ አስተርጓሚውን አየ። እሷ ላይ ሲደርስ ቆመ። እትዬ መዝገብ መጻፏን አቆመች።

"የለም" አለ።

እፎይ አለች። እግዜር ይያት፣ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። "ምስክሩ የሚያውቀው ሰው የለም" ብላ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ነው የሠራችው ነገር የገባት። ወንድሟ በሐሰት ምሏል፣ በሐሰት መማሉን ደግሞ መዝግባ የያዘችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ እየጻፈች እንኳ አልሰማችውም ማለት ይቻላል። "ግድግዳው ውሃ ያነባል ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ" ሲል ብቻ ቀና ብላ አየችው። ይህን ለመናገር ነው ሁለት ዓመት የጠበቀው።

ለምሳ ሲበተኑ ቃሉን አትማ ልታስፈርመው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ አገኘችው። ሌላ ሰው አልነበረም።

"የት ጋ ነው የምፈርመው?" አላት ፊቷን ሳያይ።

"ብረቱ፣ ለእኔ ብለህ ነው አይደል የለም ያልከው?"

"ለእርስዎ ምን በወጣኝ" አለ፣ መንገድ ላይ እንዳገኛት ሴትዮ አንቱ እያላት። "እውነቱን ነው የተናገርኩት። እህት ነበረችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሞቹ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት አምጥተው ፈርም አሉኝ። ደወልኩላት። ነይና አንብቢልኝ አልኳት። ምን እንዳለችኝ ያስታውሳሉ?"

ታስታውሳለች። እንዴት ትረሳዋለች! ፈተና አዳራሽ በር ላይ ቆማ፣ "ሐኪሞቹ ያውቃሉ፣ ዝም ብለህ ፈርም" ነው ያለችው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ባዳ ያላለችውን።

አጠገቡ ተቀመጠች። እስክሪብቶ ግን አልሰጠችውም።

"መጀመሪያ ላንብብልህ" አለች።

ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ወደ ራሳቸው ቋንቋ እየመለሰች አነበበችለት። "ምስክሩ የሚያውቀው ሰው የለም" የሚለው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች።

"ይህ ስህተት ነው።"

"እኔ ያልኩት ነው።"

"አንተ ያልከው ነው፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።"

እስክሪብቶዋን አወጣችና ዳሩ ላይ ጻፈች፦ "ጸሐፊዋ የምስክሩ እህት ናት። በቅጹ ላይ አላሳወቀችም።" ፈረመችበት። ከዚያ ልቧ ሳይከዳት ፕሮፌሰሩ ምሳ ወደሚበሉበት ክፍል ሄደች።

አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ደግመው አደረጉና እንደገና አነበቡት።

"ጽሑፍሽን ትናንት ነው አንብቤ የጨረስኩት" አሉ። "ከዚህ በፊት እንደዚህ ያለ ጽሑፍ ተማሪ አምጥቶልኝ አያውቅም።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ለሁለቱም ወገን እነግራለሁ። የወንድምሽን ቃል እንደገና እንሰማ ይሆናል፣ ጭራሽ ይሰረዝ የሚልም አይጠፋም። ያንቺን መመረቅ ትምህርት ክፍሉ ይወስናል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ እንደማልደግፍሽ ከአሁኑ እወቂው። ኮምፒዩተሩን አስረክቢ።"

ኮምፒዩተሩን አስረከበች። ጥፋታቸው ምንድን ነው፣ ሰውዬው ያስተማሯትን ነው መልሰው የነገሯት።

ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ሄዷል ብላ ነበር። ብረቱ ግን እዚያው ተቀምጧል። ቃልህን እንደገና ይሰሙህ ይሆናል፣ ይሰርዙትም ይሆናል አለችው። "ከፈለጉ እደግምላቸዋለሁ" አለና እጁን የውስጥ ኪሱ ከተተ። አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት አወጣ። የሆስፒታሉ ወረቀት ቅጂ ነው።

"እንግዲያው ይህንንም አንብቢልኝ" አለ።

"እስከ ዛሬ አላስነበብከውም?"

"ማንን?"

ተቀምጣ ዘረጋችው። ስሙን አነበበች፣ ዕድሜውን አነበበች። ግራ እግር፣ ከጉልበት በታች። ቀጥሎ ሊመጡ የሚችሉ አደጋዎች ነበሩ፤ እያንዳንዷን ቃል አንድም ሳትዘል መለሰችለት። እሱ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን እያየ ይሰማል። ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ሲቀር ማንበቧን አቆመች።

"ምን ይላል?"

"ብረቱ…"

"አንብቢው።"

"ሲፈርም አብሮት የነበረ የቤተሰብ ሰው፣ ይላል።" ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። "የለም፣ ይላል።"

ወንድሟ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበለና በነበረበት እጥፋት ቀስ አድርጎ አጠፈው።

"እንደዚያ መስሎኝ ነበር" አለ።