ያሸነፈችውን ክርክር መልሳ የከፈተችው ሴት

በመሥሪያ ቤታችን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁላችንም «ቆይ እስቲ» ነው የምንላት። ስብሰባ ላይ አንዱ ሐሳቡን ሞቅ አድርጎ ሲያቀርብ፣ እሷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ነገር ለማን ነው?» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ስብሰባው በጊዜ ያልቃል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ የለም።

ሥራችን የስልክ ዋና ሶፍትዌር መሥራት ነው። ስልኩ ሲበራ የሚታየው፣ ጥሪ የሚቀበለው፣ አፖቹን ሁሉ ተሸክሞ የሚያሠራው እሱ ነው። እኔ መልኩን የሚነድፈው ክፍል ኃላፊ ነኝ። እሷ ከውስጥ ሠሪዎቹ ወገን ናት፤ ፍጥነቱ፣ ባትሪው፣ ጥሪው የእሷ ነው። ስለዚህ ዓመታት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንከራከር ኖረናል። ተኳርፈን ግን አናውቅም። አፌን አስይዛኝ ስታበቃ «ምሳ በላህ?» ብላ የምትጠይቀኝም እሷው ናት።

የሶፍትዌሩ አዲስ እትም ሲታሰብ ክርክሩ ጦፈ። እኔና የክፍሌ ልጆች የስልኩን መልክ ከላይ እስከ ታች ለመቀየር ተዘጋጅተን ነበር። የአፖቹና የማንሻዎቹ ምልክቶች ሁሉ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ከኋላቸው ያለው ፎቶ ይታያል፣ ጣት ሲነካቸው ይርገበገባሉ። አለቃችን ሲያዩት ፈገግ አሉ። እኔም በሆዴ «አለቀ፣ ደቀቀ» አልኩ።

«ቆይ እስቲ» አለች።

ከቦርሳዋ የኛው ሶፍትዌር ያለበት አንድ ስልክ አውጥታ ጠረጴዛው መሀል አኖረች። ካርታውንም፣ ካሜራውንም፣ ሙዚቃውንም ከፈተችና አለቃችንን «እስቲ ይደውሉልኝ» አለቻቸው። ደወሉ። ስልኩ ጮኸ፣ ስክሪኑ ግን ደርቆ ቀረ። ማንሻውን ብትጫነው፣ ብትጎትተው፣ ወይ ፍንክች። ጥሪው ተቋረጠ።

«የምንሠራው ስልክ ነው» አለች። «ሲደወል የማይነሳ ስልክ ቢቆነጅ ምን ይጠቅማል?»

«ሰው እኮ መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው» አልኳት። «ዓይኑ ካልወደደው እጁ አይገባም።»

«እሺ፣ እጁ ገባ እንበል። ከዚያስ? እናቱ ስትደውልለት?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። አለቃችን ትንሽ አሰቡና ፈረዱላት። የመልኩ ለውጥ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፣ ሰዉም ጊዜውም ወደ እሷ ሥራ ይዙር አሉ። ስንወጣ ትከሻዬን መታ አድርጋ «አይዞህ» አለችኝ። ልታሾፍብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁት፤ ከልቧ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። አምቡላንስ ሲመጣ መኪናው ሁሉ ጥግ እንደሚይዝ፣ ጥሪ ሲመጣም ሌላው አፕ ሁሉ መንገድ እንዲለቅ አደረገችው። ሲሠራላት የሙከራ ስልኩን ለታላቅ እህቷ ወስዳ ሰጠች።

እናታቸው ገና በልጅነቷ ስላረፉ ያሳደጓት እኚህ እህቷ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሌላው ዓለም ምንም ብሎ ይጥራት፣ ለእሳቸው ዛሬም «ሚጢ» ናት። የስፌት መኪናቸው የሱቁ መስኮት ሥር ነው፤ ክር ለማስገባት ብርሃን ይፈልጋሉና።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ተቀምጣ ሳለ የእህቷ ስልክ ጮኸ። ስክሪኑ ልክ እንዳሰበችው ወዲያው በራ። እህቷ ግን አላነሱትም። ስልኩን ጠረጴዛው ሥር አስገብተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሚሰፉት ጨርቅ ጋርደው ያዩት ጀመር። እያዩት ጥሪው ተቋረጠ።

«እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለቻቸው።

«ጥላ እየፈለግሁለት ነዋ። እዚህ ብርሃን ላይ የቱ ማንሻ፣ የቱ መዝጊያ እንደሆነ አይለየኝም።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ስልክሽስ ፈጥኗል፣ ሚጢዬ፤ እጅሽ ይባረክ። ብቻ ምን እንደሚለኝ አይታየኝም።»

ሰኞ ስብሰባ ላይ ብድግ ብላ ይህንኑ ነገረችን፤ «ስለዚህ ያ ክርክር ይከፈት» አለች።

አለቃችን ግራ ገባቸው። «ፈረድንልሽ አይደል እንዴ?»

«ፈርዳችሁልኛል። እኔ ግን መልክ ሲባል ጌጥ ብቻ መስሎኝ ነበር። እህቴ ስክሪኑ ቢደርቅባትም፣ ባይታያትም፣ ያው ስልኩ አይነሳም።» ወደ እኔ ዞረች። «ከኔ ሰዎች ግማሹን ውሰድና አብረን እንሥራ።»

ክርክር የሚያሸንፍ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያውቅበት፣ ያሸነፈውን ይዞ ተመልሶ «ሐሳቤ ጎደሎ ነበር» የሚል ግን ከእሷ በቀር አላየሁም። ያን ቀን ክብሯ በዓይኔ እጥፍ ሆነ።

እኔማ ደስ ብሎኝ የብርጭቆ ንድፌን ይዤ ከእሷ ጋር እህቷ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። እህቷ መስኮቱ ሥር ይዘው አገላበጡት። «ያምራል፣ ልጄ» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ ቅር እንዳይለኝ ተጠንቅቀው፣ «ማንሻው የት ጋ ነው ግን?» አሉ። እሷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ጨርቁ መደርደሪያ አዞረች።

ንድፉን እንደ አዲስ የጀመርነው እዚያው፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ተቀምጠን ነው። ፊደሉን አወፈርነው፣ አጠቆርነው። ማንሻና መዝጊያው በቀለም ብቻ ሳይሆን በቅርጽና በቦታም ተለያዩ። እኔ አንዱን ስስል እሷ ከሥሩ ታሠራዋለች፤ እህቷ ክራቸውን በጥርሳቸው እየበጠሱ «ይሄኛው ይሻላል» ይሉናል።

እትሙ ሲወጣ አንድ የስልክ ገምጋሚ «ምንም አዲስ ነገር የለውም» ብሎ ጻፈ። ምሳ ላይ ጮክ ብላ አነበበችልንና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የደንበኞችን ቅሬታ የሚቀበሉት ሠራተኞች ግን ስለ ጥሪ የሚያማርር ሰው እንደቀነሰ ሊነግሯትና ሊያመሰግኗት ወደ ክፍሏ መጡ። እሷ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። «እሱንም አመስግኑ፤ ሥራው የሁለታችን ነው።»

አሁን ሁለቱ ክፍሎች ተዋህደው እሷ ትመራናለች። ማንኛውም ሰው አዲስ ነገር ከመጀመሩ በፊት ስልኩን የሚጠቀምበት ሰው ሥራ ቦታ ሄዶ እንዲቀመጥ ታደርጋለች፤ ለእኔም አልቀረልኝም። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ቤት ላከችኝ። ጋጋሪው እጁ ሊጥ ስለነካው ሲደወልለት ስልኩን በክርኑ ለማንሳት ይታገል ነበር። ተመልሼ ስነግራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ «እሺ፣ ክርኑን እንዴት አድርጎ ነው የሚያሳርፈው? አሳየኝ» አለችኝ።