ሽማግሌ የተላከላት ውሻ

ዝናብ የመታው የውሻ ጠጉር ሽታ፣ ከአጥንት መረቅና ከገብስ ገንፎ እንፋሎት ጋር ተደባልቆ ሲሸተኝ፣ የትም ብሆን፣ ፈተና ላይ እንኳ ብቀመጥ፣ የደብረ ብርሃኑ ግቢያችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ሰው ይህን ሽታ አፍንጫውን ይዞ ይሸሸዋል፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል። ደስ ያለኝን ነገር መጻፍ እንደምችል ደግሞ በቅርቡ ስላወቅሁ፣ ይኸው ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ግቢው ድሮ የአያቴ የበግ ጋጣ ነበር። አያቴ ሲሞት በጎቹ ተሸጡና፣ እናቴና እኔ አብረናት የምንኖረው የእናቴ ታላቅ እህት፣ እታለም፣ ባዶውን ጋጣ ጠርጋ፣ ጭድ ጎዝጉዛ፣ የጎዳና ውሾች መጠለያ አደረገችው። የቆሰለውን ታክማለች፣ የእንስሳት ሐኪሙን ለምና ታስከትባለች፣ ሲያገግም ደግሞ ቤት ትፈልግለታለች። ቤት ያላገኘ ውሻ ወደ ጎዳና እንደሚመለስ፣ ጎዳና ላይ ደግሞ መርዝ እንደሚጣል በልጅነቴም አውቅ ነበር።

ቤት አሰጣጧ ግን ልጅ እንደ መዳር ነበር። ውሻ የፈለገ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ቆመው፣ እንደ ወጉ ከጠየቁ በኋላ እንኳ እታለም በመጀመሪያው ቀን እሺ አትልም፤ «እንግዲህ ቤተ ዘመድ ይምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብላ ትሸኛቸዋለች። እናቴ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ውሻ እኮ ነው!» ስትላት «ውሻ ያማረው ዛሬውኑ ስጪኝ ይላል፤ የሚያኖረው ግን ይመለሳል» ትላት ነበር። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው «የውሾች አማት» ሲላት፣ እኔን ደግሞ ትምህርት ቤት «የውሻ ሚዜ» ይሉኝ ነበር። «ሚዜዋ፣ ሰርጉ መቼ ነው? እኛንም ጥሪን እንጂ!» እያሉ ይስቁብኛል።

ሻሽ የመጣችው በክረምት ነው። ገበያ ዳር ካለ ቦይ ውስጥ፣ ጭቃ ተለውሳ፣ ጎርፍ ሊወስዳት ሲል እታለም በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣቻት። ታጥባ ስትደርቅ ገላዋ ቡናማ፣ ራሷ ብቻ ነጭ ሆኖ፣ ሻሽ ያሰረች እመቤት መሰለች። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ገንፎዋን እያበረድኩ አበላኋት፣ መብረቅ ሲጮህ ጆሮዋን ሸፈንኩላት። የእኔ ትሁን ብዬ ስለምን ግን እታለም «አይሆንም የኔ ልጅ» አለችኝ። «አንቺ አንዷን የኔ ካልሽ፣ የቀሩት የማን ሊሆኑ ነው?»

ጥቅምት ገባና ውርጩ ሜዳውን ነጭ ሲያደርገው ሰላም መጣች። እኩያዬ ነበረች፤ ከወለጋ ተፈናቅላ ከአያቷ ጋር ከተማው ጫፍ ባለው መጠለያ፣ ድንኳን ውስጥ ትኖር ነበር። እዚያ አገሯ ጥላው የመጣችው ውሻ እንደነበራት ለእታለም ነግራት ኖሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ጋጣውን ታጸዳልን ጀመር። መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆማ አፏጨች፣ ከዚያ «ኮቱ!» አለች፤ በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው። የኔዋ ሻሽ፣ የኔዋ እመቤት፣ ከጉልበቴ ላይ ዘላ ተነስታ ወደ እሷ በረረች።

ቅናት ሆድ ውስጥ ነው ይላሉ። የኔ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ያቺ ፉጨት በተሰማች ቁጥር ጆሮዬ በዚያ ብርድ እንደ እሳት ይፋጃል።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ምን አድርገሻት ነው?» አልኳት።

«ምንም። ጠራኋት።»

«እኔም እኮ እጠራታለሁ!»

«አንቺ ስትጠሪያት ልታቅፊያት ነው፤ እኔ ስጠራት ልንሮጥ ነው» አለችኝ፣ እየሳቀች። ሳቋ ማማሩ ደግሞ ይባስ አናደደኝ።

የሰርግ ወር ጥር ሲመጣ የፈራሁት ደረሰ። የሰላም አያት በአንኮበር መንገድ ላይ ባለ ወፍጮ ቤት ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ፣ አንድ ክፍልም ተሰጣቸው፤ በሳምንቱ ለሻሽ ሽማግሌ ላኩ። የመጡት የአጥቢያችን ቄስና፣ እህል ሊያስፈጩ እየመጡ ከአያቷ ጋር የተወዳጁ አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ፣ ሐጂ ነበሩ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እታለምን በስሟ ጠርተው «ወይዘሮ አስካለ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን…» ከማለታቸው ሻሽ መጥታ እግራቸውን ላሰችው። «ኧረ በስማም! ለብዙ ሙሽራ ቆሜአለሁ፣ እግሬን የላሰችኝ ግን ይቺ ናት» ሲሉ፣ ሐጂ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈንጠር አሉና «ወላሂ አባ፣ ልጅቱ ፈቅዳለች፤ እኔ ጋ ሳትደርስ ቶሎ ጨርሱ!» አሉ። እታለም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ሌላ ቀን ተመለሱ» አለቻቸው። እኔም እንዳይመለሱ ስለት ተሳልኩ።

የቀጠሮው ቀን የአንኮበር ጉም መንገዱን ዋጠው። መኪና ቆመ ሲባል ሰምቼ በደስታ ስዘል፣ ሻሽ ግን በሩ ሥር ተቀምጣ ጆሮዋን አቁማ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸው በጉሙ ርሶ በእግራቸው ከች አሉ።

እታለም ግን አሁንም ቤቱን ሳላይ አልሰጥም አለች። አለችና እኔን ይዛ ሄደች። «አንቺ እይው፤ ያንቺ ዓይን ጉድለት አያመልጠውም» አለችኝ። እንዴት አድርጌ እንደፈተሽኩ ልንገራችሁ! ሰንሰለት ፈለግሁ፤ የለም። አጥሩን ገፋሁት፤ አይነቃነቅም። የውሃ ገንዳ አየሁ፤ ሞልቷል። በመጨረሻ ከወፍጮው ኋላ ዞርኩ፤ ሰላምና አያቷ ሞተሩ ያለበትን ግድግዳ ተደግፈው በድንጋይና በጭቃ ትንሽ ቤት ሠርተዋል፣ ጭድ ተነጥፎበታል፣ በሩ ለነፋሱ ጀርባ ሰጥቷል። እጄን ከተትኩ። ሞተሩ ሲሠራ የዋለበት ግድግዳ ይሞቃል፤ በጥር፣ በደብረ ብርሃን፣ ይሞቃል! የኔ አልጋ እንኳ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም። ሰላም አጠገቤ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ወፍጮው ሲያጓራ አልሰማት ብሎ ነው እንጂ፣ እኔም ጥርሴን አፋጭ ነበር።

ስንመለስ እታለም «ቀናሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

«በጣም?»

«በጣም!» ብዬ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

«እንግዲያው ሰጠናት» አለች፣ ራሴን ወደ ጎኗ አስጠግታ። «አንቺ ያልቀናሽበት ቤት ለሻሽ አይሆናትም።»

በፋሲካ ማግስት፣ እንደ ሙሽራ ወግ፣ ሻሽ ለመልስ መጣች። ወፍራ፣ ጠጉሯ በዱቄት ነጭ ብሎ፣ ገንፎዋን በላች፣ እኔንም ከአገጬ እስከ ግንባሬ ላሰችኝ። ሰላም ልትሄድ ስትነሳ ግን ቀድማት በሩ ላይ ቆመች።

ዛሬ ሻሽ አርጅታለች። በወፍጮ ቤቱ ሳልፍ ጅራቷን አንዴ ወዝወዝ ታደርግልኛለች፣ ከዚያ ሰላም ጋ ሄዳ ትተኛለች፤ ጆሮዬ ዛሬም ይግላል። ያኔ ያንን ግለት ጠላቴ ነው እል ነበር፤ አሁን ግን ውሾቹ የሚሰጡበትን ቤት ሄጄ የማየው እኔ ስለሆንኩ፣ ሰው ደጅ በገባሁ ቁጥር እሱኑ እጠብቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደነባ ሄጄ አንድ ሰፊ፣ የሚያምር ግቢ አይቼ ተመለስኩ። እታለም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስለ አጥሩም ስለ ውሃውም አልጠየቀችኝም።

«ቀናሽ?»

«ትንሽ» አልኳት።

«እንግዲያው ሌላ ቀን ይመለሱ» አለችና ገንፎውን ልታማስል ገባች።