በበርበሬ የታጠነች

ጤናዬን መጀመሪያ በበርበሬ ያጠኗት አባቷ ናቸው፤ አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ጥፋቷ ብርጭቆ መስበር ነው። የከሰል ማንደጃው ላይ በርበሬ ነሰነሱ፣ ማጅራቷን ይዘው ደፏት፣ ጋቢ ደረቡባት። ስትወጣ አስታወከች። ስላስታወከች ደግሞ በቀበቶ ተገረፈች። እናቷ በሩን ዘጋች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ሳይሆን ጭሱ እንዳይባክን።

ከዘነበወርቅ ጀርባ ያለው ሰፈራቸው አባቷን ጋሽ ገብረአምላክን የሚያውቃቸው በዕድር ዳኝነታቸው ነው። የተጣላ ያስታርቃሉ። ልጅ አሳደገ ከተባለም እሳቸው ናቸው፤ የጤናዬ ድምፅ ከቤት ወጥቶ አያውቅማ። እኛ ዘንድ ድምፅ የሌለው ልጅ ጨዋ ይባላል።

ትምህርት ቤት ደደብ ተባለች። አልነበረችም። የፈራ ልጅ አእምሮ ጉልበቱን የሚጨርሰው ቀጣዩ ምት ከየት እንደሚመጣ በመጠበቅ ነው፤ ለፊደልና ለጨዋታ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ይህ ሲደጋገም አእምሮው ራሱ እንደዚያው ሆኖ ያድጋል፤ ዱላው ቢቀርም መጠበቁ አይቀርም። ባለሙያዎች አጥንተው ተናግረዋል። እኛ ግን አሁንም «እኔስ ተገርፌ አይደል ሰው የሆንኩት» እንላለን። ሆነን ነው?

ጤናዬ ሠላሳ አልፏታል። ጦር ኃይሎች አካባቢ ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። አንድ የታክሲ ረዳት ከኋላዋ ድንገት ቢጮህ ዞራ በጫማ ተረከዝ ጥርሱን አወለቀችው። ባሏም ካንቺ ጋር ከመተኛት ከጥበቃ ጋር ማደር ይሻላል፣ እሱ እንኳ አንዳንዴ ያንቀላፋል ብሎ ጥሏት ሄደ።

የቀረቻት ልጇ ራዕይ ናት። ይህቺ ልጅ አትታጠንም ብላ ምላለች። ገበያ ስትውል የሚይዝላት ስታጣ ግን ቤቷ እየመጡ እንዲጠብቁላት ለገዛ አባቷ ሰጠቻት። እርጅና አብርዷቸዋል አለች ለራሷ። አባት ይከበራል፣ አባት አይጠየቅም፤ ስለዚህ አባት ይታመናል።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከገበያ ቀድማ ቤቷ ገባች። ራዕይ ፍራሽ ላይ ሸንታ አንሶላውን ደብቃ ኖሯል። ጋሽ ገብረአምላክ አንሶላውን በከዘራቸው አንጠልጥለው ቆመዋል። ማንደጃውንና በርበሬውን እንድታመጣ ጤናዬን አዘዟት፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ።

አመጣች። የማለችው ሴት እግሯ በራሱ ሄደ፣ እጇ በራሱ ዘገነ። ያን ማንደጃ የተሸከመችው የአምስት ዓመቷ ጤናዬ ነበረች። አባቷ የልጅቱን ማጅራት ያዙ። ራዕይ አላለቀሰችም። ጋቢው ገና ሳይነሳ አየር በረጅሙ ሳበችና አፏን ገጠመች።

ጤናዬ ክው አለች። የመጀመሪያው ጭስ እስኪያልፍ ትንፋሽ መያዝን ማንም አያስተምርም፤ የሚያውቀው የታጠነ ብቻ ነው።

ማንደጃውን በእርግጫ አነሳችው። ፍሙ ሽማግሌው ጭን ላይ ተበተነ። ከዘራውን ነጥቃ ትከሻቸው ላይ ሰበረችው፣ በስባሪው ግንባራቸውን ደገመች። ደሙ ዓይናቸው ውስጥ ገባ።

«እኔን? ሰው ያደረግኩሽን?» አሉ ክንዳቸውን ጋርደው።

«ስንት ጊዜ አጠንካት?»

«ለራሷ ብዬ ነው። አንቺም እኮ ምንም አልሆንሽም።»

በጋቢያቸው ጎትታ ደጅ ጣለቻቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አባቷን መታች፣ ጋኔን ይዟታል፣ ጸበል ትወሰድ ይባል ጀመር። ስለ ልጅቱ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በሩን ዘጋችባቸው።

ራዕይ አልጋ ስር ገብታለች። ጤናዬ በደረቷ ተኝታ እጇን ዘረጋች።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ሄዷል።»

ልጅቱ እያየቻት ወደ ግድግዳው ሸሸች። እሳቱን ይዞ የመጣው ሽማግሌው አይደለም፤ እናቷ ናት። እጇ ሲቀርባት ነከሰችው፣ ጥርሷ አጥንት እስኪነካ። ጤናዬ አልጮኸችም፣ እጇንም አልሳበችም። ነይ ማለቷንም ተወች። ሲሚንቶው ላይ እንደተኛች፣ ያ ጥርስ በራሱ ጊዜ እስኪላላ ጠበቀች።